ኪንግስተን ላይ ሰባት ሰዓት ካለዎት ከፖርት ሮያል አይራቁ

ውድ እኅታችን፣ ጥያቄዎ ከኒውዮርክ ወደ ትሪኒዳድ ሲጓዙ ጃማይካ፣ ኪንግስተን ላይ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ስለሚኖርዎት ትራንዚት ነው፤ ሰባ ዓመት ካለፋቸው እናትዎ ጋር ከአየር ማረፊያው መውጣት ያዋጣል ወይስ እዚያው ቁጭ ማለት ይሻላል ብለዋል። ከእኔ በፊት የመለሱት አባላት ገሚሶቹ ዛሬ ሙዚየም የሆነውን የቦብ ማርሊን ቤት ሳያዩ እንዳይመለሱ ሲመክሩ፣ ገሚሶቹ ደግሞ ኪንግስተን አስጊ ከተማ ስለሆነች ንቅንቅ እንዳይሉ አስጠንቅቀዋል። እኔ ለሥራ ወደ ካሪቢያን ስመላለስ በዚያ አየር ማረፊያ ደጋግሜ አልፌያለሁና ከሁለቱም ወገን አልስማማም። መውጣቱ ያዋጣል፤ መሄድ ያለብዎት ግን ወደ ከተማው ሳይሆን በተቃራኒው አቅጣጫ፣ በመኪና ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ወደምትርቀው ወደ ፖርት ሮያል ነው።

በመጀመሪያ ሰዓቱን ከመጨረሻው ወደ ኋላ እየቆጠርን እንየው። (እዚህ የምጽፈው ሰዓት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።) አውሮፕላንዎ 11 ሰዓት ላይ የሚነሣ ከሆነ፣ ዓለም አቀፍ በረራ ስለሆነና ከእርስዎ ጋር አዛውንት ስላሉ፣ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ተርሚናሉ በር ላይ መገኘት አለብዎት። በሌላው ጫፍ ደግሞ 4 ሰዓት ላይ አረፉ ማለት 4 ሰዓት ላይ ወጡ ማለት አይደለም፤ ከአውሮፕላን መውረዱ፣ የኢሚግሬሽን ሰልፉና ጉምሩኩ ተደማምረው አንድ ሰዓት ይወስዳሉ፣ ሁለትና ሦስት አውሮፕላን በአንድነት ካረፈ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ በእጅዎ ያለው ሰባት ሰዓት ሳይሆን ሦስት፣ ቢበዛ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ጃማይካ እንደ አሜሪካ በበጋ ሰዓቷን ወደፊት አለማድረጓ ነው። በክረምት ወራት ከኒውዮርክ ጋር እኩል ስትሆን፣ በአሜሪካ የበጋ ሰዓት ጊዜ ግን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ ትሪኒዳድ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ጃማይካን በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ትኬቱ ላይ የሚጻፈው የየአገሩ ሰዓት ስለሆነ፣ በተለይ ኔትወርክ ያልያዘ ስልክ የሚያሳይዎትን አይመኑ፤ የእናትዎን የእጅ ሰዓትም እንደ ደረሳችሁ አስተካክሉት።

የመግቢያውን ጉዳይ ባጭሩ ልለፈው። የጃማይካን የመግቢያ ቅጽ ከመነሣትዎ በፊት በኢንተርኔት ይሙሉ፤ የእናትዎንም ጭምር፣ እዚያ ቆመው በስልክ መሙላት ጊዜ ይበላል። እርስዎ የአሜሪካ ፓስፖርት ከያዙ ቪዛ አይጠየቁም። እናትዎ ግን በኢትዮጵያ ፓስፖርትና በግሪን ካርድ የሚጓዙ ከሆነ፣ ለእርሳቸው የሚሠራውን ደንብ እኔን ጨምሮ ከማንም የግሩፕ አባል አይስሙ፤ ኒውዮርክ ያለውን የጃማይካ ቆንስላ ወይም ዋሽንግተን ያለውን ኤምባሲ በጽሑፍ ጠይቀው መልሱን አትመው ይያዙ። ሻንጣን በሚመለከት፣ ጉዞው በአንድ ትኬት የተቆረጠ ከሆነ ኒውዮርክ ላይ ሲያስረክቡ እስከ ትሪኒዳዷ ፖርት ኦፍ ስፔን ድረስ እንዲላክ አድርገው መለያው ላይ የመድረሻውን ስም ይመልከቱ። በሁለት ትኬት ከሆነ ሻንጣውን ተቀብለው እንደገና ማስረከብ ስላለብዎት መውጣቱን ይተዉት እላለሁ፤ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ እየጎተቱ የሚጎበኝ ነገር የለም።

ከተማውን ለምን እንደምቃወም ለመረዳት የቦታውን አቀማመጥ ማየት ይጠቅማል። አየር ማረፊያው የተሠራው ፓሊሴዶስ በምትባል፣ ከየብሱ ተነሥታ ወደ ባሕር በምትዘረጋ ቀጭን የአሸዋ ምድር ላይ ነው። ኪንግስተን ከወደቡ ባሻገር፣ ከኋላዋ ሰማያዊዎቹ ተራሮች ቆመው፣ እጅዎን ዘርግተው የሚነኳት እስኪመስልዎ ቅርብ ሆና ትታያለች፤ መንገዱ ግን ወደቡን በምሥራቅ በኩል ዞሮ ነው የሚገባው። የማርሊ ሙዚየም ያለበት ሆፕ ሮድ ደግሞ በከተማው የላይኛው ክፍል ነው። ጠዋት ሲሄዱ መንገዱ ሊቀናዎት ይችላል፤ አስቸጋሪው መልሱ ነው፣ ምክንያቱም እርስዎ የሚመለሱበት ሰዓት ተማሪ ከትምህርት ቤት የሚለቀቅበት ነው። በዚያ ላይ ሙዚየሙ የሚታየው በአስጎብኚ፣ በቡድን በቡድን ሆኖ ስለሆነ፣ ቸኩያለሁ ቢሉ ማንም አያፋጥንልዎትም። ሦስቱን ሰዓት መኪና ውስጥና ሰልፍ ላይ ጨርሰው፣ እናትዎ ከተማዋን በመስኮት አይተዋት ይመለሳሉ። ከተሰጡት መልሶች በአንዱ የተጠቀሰው ናይን ማይል፣ ማርሊ የተወለደበትና የተቀበረበት መንደር ማለት ነው፣ ከዚህም የባሰ ነው፤ ተራራ የሚያቋርጥ የብዙ ሰዓት መንገድ ስላለው ለትራንዚት ጨርሶ አይታሰብም።

ፖርት ሮያል ያቺው የአሸዋ ምድር የምታልቅበት ጫፍ ላይ ያለች፣ ዛሬ ጸጥ ያለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን እንግሊዞች በአዲሱ ዓለም ከነበሯቸው ከተሞች ሁሉ እጅግ ከበለጸጉት አንዷ፣ የባሕር ወንበዴዎችም የዘረፉትን የሚያራግፉባት ወደብ ነበረች። እ.ኤ.አ. ሰኔ 7 ቀን 1692 ከቀትር በፊት በተነሣ የመሬት መንቀጥቀጥ ከከተማዋ ሁለት ሦስተኛው የሚሆነው ባሕር ውስጥ ገባ። ረጃጅሞቹ የጡብ ቤቶች የቆሙት ውኃ በጠገበ አሸዋ ላይ ስለነበር፣ መሬቱ ሲናወጥ አሸዋው እንደ ፈሳሽ ሆኖ ቤቶቹን ከነሰዎቻቸው ዋጣቸው። በዕለቱ ብቻ 2,000 ያህል ሰዎች እንደሞቱ ይገመታል። የተረፉት ወደ ማዶ ተሻግረው የመሠረቷት ከተማ ናት ዛሬ ኪንግስተን የምትባለው። እ.ኤ.አ. በ1959 ከባሕሩ ሥር የወጣ አንድ የኪስ ሰዓት፣ ዘንጎቹ ተበልተው ቢያልቁም፣ በራጅ ሲታይ 11:43 ላይ መቆሙ ታውቋል፤ በእኛ አቆጣጠር ለ6 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ገደማ መሆኑ ነው። ዩኔስኮም ቦታውን እ.ኤ.አ. በ2025 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

እዚያ ሲደርሱ ከሁሉ አስቀድመው ምግብ ይዘዙ። ይህን አጥብቄ የምናገረው፣ ዓሣው የሚጠበሰው ከታዘዘ በኋላ ስለሆነና እስኪቀርብ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ስለሚወስድ ነው። ግሎሪያስ በሚባለው የታወቀ ምግብ ቤት ስናፐር የሚባለውን ዓሣ በመጠኑ መርጠው ይዘዙ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ ይጠይቁ፣ ከዚያ መንደሩን ለማየት ይውጡ። ዓሣው እንደ ተጠበሰ በኮምጣጤ የራሰ ሽንኩርት፣ ካሮትና የሚፋጅ ቃሪያ ይደረግበታል፤ ኤስኮቪች ይሉታል። አብሮት የሚመጣው ባሚ ከካሳቫ የሚጋገር ክብ ቂጣ ነው፤ ጣፋጭ የበቆሎ ሊጥ ጥብስም አለ፣ ፌስቲቫል ይባላል። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነና እናትዎ ዓሣ ካልበሉ፣ ባሚውን ከአትክልት ጋር ማዘዝ ይችላሉ፤ «አይታል» የሚባል የራስ ተፈሪያን ምግብ ካገኙ ደግሞ ሥጋም የወተት ተዋጽኦም ስለሌለበት ለጾም አያሳስብም፤ ብዙ ጊዜ ጨው አይገባበትምና ለአፋችን አልጫ ሊሆን ይችላል እንጂ።

ምግቡ እስኪደርስ የሚታየው የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ግቢው ውስጥ ሉዊስ ጋልዲ የተባለ ፈረንሳዊ ተወላጅ ነጋዴ ተቀብሯል። የመቃብር ድንጋዩ ላይ እንደተጻፈው፣ በ1692ቱ መንቀጥቀጥ መሬት ውጣው፣ በሚቀጥለው ንውጥውጥታ ደግሞ ወደ ባሕር ተፍታው፣ ጀልባ እስኪያነሣው ዋኝቶ ድኗል። ከዚያ በኋላ እስከ 1739 እ.ኤ.አ. ድረስ ኖረ። ለእናትዎ ጽሑፉን ተርጉመው ቢያነቡላቸው ደስ የሚላቸው ይመስለኛል፤ የእኛ ሰው በተአምር የዳነ ሰው ታሪክ አይሰለቸውም።

ከበሉ በኋላ ጊዜ ከተረፈ የቻርልስ ምሽግን ይዩ። ቀይ ጡብ ግንቡና ወደ ባሕር የተደገኑት መድፎች እንዳሉ ናቸው፤ ወጣቱ ኔልሰን፣ በኋላ ስመ ጥር የሆነው የእንግሊዝ የባሕር ኃይል አዛዥ፣ እ.ኤ.አ. በ1779 እዚህ ነበር። እኔን ከምሽጉ ይልቅ የገረመኝ ከበስተጀርባው ያለው ዘመም ያለ ትንሽ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1907ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ አንዱ ጎኑ ወደ መሬት ሰጥሞ እንደ ተዘነበለ ቀርቷል። ውስጡ ሲገቡ ወለሉ፣ ግድግዳውና የበሩ መቃን ሁሉም በአንድነት ስላዘነበሉ ዓይን ቤቱን ቀጥ ያለ አድርጎ ያየዋል፤ እግር ግን ወደ ታችኛው ግድግዳ ይንደረደራል፣ ሰው ሁሉ ሳያስበው በአንድ እጁ ጡቡን ይይዛል። እርስዎ ይግቡ፣ እናትዎን ግን በሩ ላይ ጥላ ሥር አስቀምጧቸው። በግቢው ውስጥ ጥላ ጥቂት ስለሆነ ኮፍያና ውኃ አይርሱ። በትልቅ መርከብ ጎብኚዎች የሚመጡበት ቀን ከሆነ መንደሩ ይጨናነቃልና ሾፌሩን አስቀድመው ይጠይቁት። ላይም ኬይ ወደምትባለው ደሴት በጀልባ እንውሰዳችሁ የሚሉም ያጋጥምዎታል፤ ባሕሩ ያማረ ነው፣ ነገር ግን የመመለሻው ሰዓት በጀልባው ባለቤት እጅ ስለሚሆን በዚህ ጉዞ አይሞክሩት።

ታክሲን በሚመለከት፣ ሰሌዳው ቀይ የሆነውንና አየር ማረፊያው ላይ የተመዘገበውን ብቻ ይያዙ። ከመግባትዎ በፊት ደርሶ መልስ ከነመጠበቂያው ስንት እንደሆነ ይስማሙ፤ «በየትኛው ዶላር?» ብለውም ይጠይቁ። አንዱ የአሜሪካ ዶላር ከ150 የጃማይካ ዶላር በላይ ስለሚመነዘር፣ ሁለቱም በአንድ ምልክት ስለሚጻፉ፣ ይህ ተራ ጥያቄ አይደለም። ክፍያውን ሲመለሱ ይስጡ፤ ከፖርት ሮያል ሌላ ታክሲ በቀላሉ ስለማይገኝ ሾፌሩ እንዲጠብቅዎት የሚያደርገው ይኸው ነው። አስጊ ነው ስለተባለው ደግሞ፣ በኪንግስተን አንዳንድ ሠፈሮች ወንጀል መኖሩ እውነት ነው፤ ይህን መንገድ በቀን፣ በታወቀ ታክሲ መሄድ ግን እኔን አሳስቦኝ አያውቅም። ሁለት ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፤ የወታደር ልብስ የሚመስል ዥንጉርጉር ልብስ መልበስ በጃማይካ ሕግ ክልክል ነው፣ ማንም ሰው አድርሱልኝ ብሎ የሚሰጥዎትን ጥቅልም አይቀበሉ። ከሰው ጋር ሲነጋገሩ ጥያቄዎን ከሰላምታ በኋላ ያድርጉት፤ እንደ እኛው አገር ያለ ሰላምታ ወደ ጉዳይ መግባት እንደ ንቀት ይቆጠራል።

ኢትዮጵያዊ መሆንዎ ሲታወቅ ወሬው መርዘሙ አይቀርም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ከትሪኒዳድ ተነሥተው ጃማይካ ሲገቡ ያረፉት እርስዎ በሚያርፉበት በዚሁ ማረፊያ ነው፤ ያኔ ስሙ ፓሊሴዶስ ነበር፣ ዛሬ ኖርማን ማንሊ ይባላል። ሕዝቡ አልፎ ገብቶ አውሮፕላኑን ስለከበበ ንጉሠ ነገሥቱ መውረድ ተቸግረው፣ ሞርቲመር ፕላኖ የተባለ የራስ ተፈሪያን መሪ ደረጃው ላይ ወጥቶ ነው መንገድ ያስከፈተላቸው። እናትዎ በዚያ ዘመን ልጅ የነበሩ ስለሆኑ፣ ሾፌሩ ይህን ሲሰማ ስለ ጃንሆይ ጥያቄ ያበዛባቸዋል። ስለ ዘመነ መንግሥታቸው እኛ እርስ በርስ የምንከራከረውን ክርክር እዚያ ባያነሡት ይመረጣል፤ ለራስ ተፈሪያኑ ጉዳዩ እምነት ነው።

ከኒውዮርክ የሚነሣው በረራ ከሁለት ሰዓት በላይ ከዘገየ ዕቅዱን ሁሉ ይሰርዙትና ተርሚናሉ ውስጥ በሥጋ ወይም በአትክልት የተሞላውን ፓቲ በልተው፣ የሰማያዊዎቹ ተራሮች ቡና ገዝተው ይቀመጡ። በተቃራኒው በረራው ተቀይሮ ማደር ከመጣ ያን ጊዜ ከተማው ይገባል፤ የማርሊ ሙዚየምና እ.ኤ.አ. በ1881 የተሠራው ዴቨን ሃውስ የተባለ መኖሪያ ቤት ሁለቱም ሆፕ ሮድ ላይ ስለሆኑ በአንድ ጉዞ ይታያሉ፣ ዕለቱ እሑድ ከሆነ ደግሞ ማክስፊልድ አቬኑ ላይ ያለችውን የእኛን ቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በሚያውቃት ሾፌር ሄደው መሳለም ይችላሉ። በየትኛውም መንገድ ቢሆን ለእናትዎ ተሽከርካሪ ወንበር እንዲዘጋጅ ለአየር መንገዱ ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት ደውለው ያስመዝግቡ፤ ረጅሙን የተርሚናል መንገድ ከመቀነሱም በላይ፣ በኢሚግሬሽኑ ሰልፍ ብዙ ጊዜ ቅድሚያ ያስገኛል።