«እኔን ነው የጻፍከው?»

ሰሞኑን አንዲት የዳቢንግ ተርጓሚ ጥያቄ ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ‹ዘ ሰን› የሚባለውን የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ለልምምድ እየተረጎምኩት ነው። ድራማው ላይ ያሉት ኮማንቼዎች፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ፣ የሚያወሩት በራሳቸው ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ ስመልስ የእነሱንስ ምን ላድርገው?»

መልሱን ወዲያው ነገርኳት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በእሷ ዕድሜ ሳለሁ አንድ የካውቦይ ተከታታይ ድራማ እንድተረጉም ተሰጠኝ። የአሜሪካን ነባር ሕዝቦች ያኔ «ቀይ ህንዶች» ነበር የምንላቸው። ስቱዲዮ የምንላት፣ ግድግዳዋ በፍራሽ የተሸፈነች አንዲት ክፍል ነበረች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ቀረጻ አቁመን ሻይ እንጠጣለን። ሻይ የምታመጣልን ሴትዮ ድራማውን ከሁላችንም በላይ ታውቀው ነበር። ማን እንደሚሞት ቀድማ የምትነግረን እሷ ናት።

ዋናው ካውቦይ በእኔ አማርኛ እንደ ፊታውራሪ ይናገራል። የጎሳው አለቃ ደግሞ «እኔ አንቺ መግደል፣ አንቺ ፈረስ መስጠት» ይላል። እንግሊዝኛውም የተሰባበረ ነበር፣ አልዋሽም። እኔ ግን ጨመርኩበት። ወንዱን «አንቺ» ማሰኘት የራሴ ፈጠራ ነች። በአማርኛ አፉን ያልፈታ ሰው ኮሜዲ ላይ ሲያወራ ሰው እንደሚስቅ አውቃለሁ።

አለቃውን የሚጫወተው ልጅ ድምፁ ግርማ ነበረው። አማርኛ የተማረው ትምህርት ቤት ገብቶ ነው። ሁለቴ አነበበው። «አያስቅም፣ ትንሽ ሰበር አድርገው» አልኩት። «እንደ አጎትህ!» ቤቱ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈው። በሻይ ሰዓት አጠገቤ ቆመና ቀስ ብሎ «እኔን ነው የጻፍከው?» አለኝ። ስኳሬን ማማሰሌን ቀጠልኩ። «ኧረ ፊልም ነው!» አልኩት። የዕለቱን ቀረጻ ጨረሰ። በሳምንቱ አልመጣም። ሌላ ሰው ተካን፤ እሱ ይበልጥ አሳቀ።

ወደ ጥያቄዋ ልመለስ። «ዘ ሰን» የፊሊፕ ማየር ልብ ወለድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ቴሌቪዥን መጣ። ኢላይ የሚባል ልጅ በ1849 ቴክሳስ ውስጥ በኮማንቼዎች ይማረካል። ቋንቋቸውን አያውቅም። እዚያ ሰፈር ተብታባው እሱ ነው። ኮማንቼዎቹን አማርኛ ካስወራሻቸው ልጁ ከመጀመሪያዋ ሌሊት ጀምሮ ሁሉን ሰማ ማለት ነው፤ ታሪኩ አበቃ። ስለዚህ የእነሱን ንግግር አትንኪው፣ ትርጉሙን ከስር ጻፊ አልኳት።

ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1956 የጀመረው የቴሌቪዥን ድራማ «ብሮክን አሮው»ም ከልብ ወለድ የተወሰደ ነው። የሌላውን ነባር ሕዝብ፣ የአፓቼዎችን መሪ ኮቺስን የተጫወተው ግን የሶርያ ተወላጁ ማይክል አንሳራ ነበር። በ2022 ስለ ናቫሆ ነባር ሕዝብ ፖሊሶች የሚተርከው «ዳርክ ዊንድስ» ድራማ ሲመጣ ተዋናዮቹም ጸሐፊዎቹም በአብዛኛው የአገሬው ነባር ሕዝቦች ልጆች ነበሩ። እንዲያም ሆኖ የናቫሆ ተመልካቾች «ቋንቋችን እንዲህ አይነገርም» ብለው ቅር ተሰኙ።

እናንተ ወጣት ተርጓሚዎች፣ መዝገበ ቃላት ግለጡ አልላችሁም፣ ታውቁታላችሁ። የዛሬ ልጆች ችኩሎች ናችሁ፤ ማሽን ተርጉሞ ይሰጣችኋል፣ እናንተ አራት ነጥብ ታስተካክላላችሁ። ደግሞ ማን ነኝና እወቅሳለሁ? ልጅቷ የጠየቀችኝን እኔ በዕድሜዋ ማንንም አልጠየቅኩም። የእኔ ምክር ይቺው ናት፦ የጻፋችሁትን፣ እንዲያ የሚናገር አጎት ላለው ሰው መጀመሪያ አንብቡለት። ከሳቀም ፊቱን እዩት።

ባለፈው ዓመት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ የቀለም ማስታወቂያ ያሰማል። ድምፁ እሱን መሰለኝ። ወፍራም፣ ጥርት ያለ አማርኛ። ጆሮዬን አቀናሁ። ሾፌሩ ጣቢያውን ቀየረው።