የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የ16ኛው ክፍለ ዘመን የሕግ መጻሕፍት

(ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ጅማ የምሠራ ጠበቃ ነኝ። አንድ የጣልያን ነጋዴ በ1550ዎቹ ቬኒስ የታተመ የጁስቲንያን ዳይጀስት (የሮማው ንጉሠ ነገሥት በ6ኛው ክፍለ ዘመን ያስጠናቀረው የሕግ ስብስብ) አንድ ቅጽ ሊሸጥልኝ ፎቶ ልኮልኛል። ሙሉ መሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ ድጉሱን ለጊዜው ይተዉት። በዚያ ዘመን መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ ሳይደጎስ ይሸጥ ስለነበር ሽፋኑ ስለ ውስጡ የሚነግርዎ ጥቂት ነው። ጥራዞቹን፣ ማለትም አብረው ታጥፈው የተሰፉትን የቅጠል ክምሮች፣ ይቁጠሩ። በቅጠሉ ግርጌ «ኤ2»፣ «ኤ3» ዓይነት የላቲን ፊደልና ቁጥር አለ፤ አንዱ ፊደል አንድ ጥራዝ ነው። ጥራዙ ባለ 8 ቅጠል ከሆነ ምልክት የሚኖራቸው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ 4 ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ምልክት የሌላቸው መሆኑ ጉድለት አይደለም። የአታሚዎቹ ፊደል 23 ስለሆነ ከአይ ቀጥሎ ኬይ ይመጣል፤ ጄይ የለም፣ ደብልዩም የለም። ጀማሪዎች እዚህ ላይ «ጥራዝ ጎድሏል» ብለው ጥሩ መጽሐፍ ይመልሳሉ። የቅጠል ቁጥሮቹን ግን አይመኑ፤ አታሚዎቹ ደጋግመው ይሳሳቱ ነበር።

መጨረሻው ገጽ ላይ የጥራዞቹ ዝርዝር ታትሞ ከተገኘ ቆጠራዎን ከእሱ ጋር ያመሳክሩ። የመጨረሻው ባዶ ቅጠል ቢጎድል ዋጋውን ብዙ አይጎዳውም። የፊተኛው የርዕስ ገጽ ቢጎድል ወይም በኋላ ተሠርቶ ቢገባ ግን ይጎዳዋል። ነጋዴው ገጹን ብርሃን ላይ ይዞ ፎቶ ያንሳልዎ፦ በትልቁ መጠን (ፎሊዮ) በወረቀቱ ውስጥ ተራርቀው የሚታዩት መስመሮች ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ። የርዕሱ ገጽ ብቻ መስመር ከሌለው ወይም አግድም ከሄደ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው።

«አንድ ቅጽ» መሆኑ በራሱ አያስደንግጥዎ። ዙሪያውን በ13ኛው ክፍለ ዘመን የጣልያን ሕግ ዐዋቂ በአኩርሲዩስ ሐተታ የታጠረው ዳይጀስት በሦስት ክፍል ይታተም ነበር። ዋጋው ግን የነጠላ ቅጽ ዋጋ መሆን አለበት። በቀለም የተደመሰሰ ስም ካዩም አይጣሉት፤ እንደ ፈረንሳዊው ሕግ ዐዋቂ ሻርል ዱሙላን ያሉ የተወገዙ ጸሐፊዎችን ስም የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መርማሪዎች ያጠፉት ነበር፤ ይህ የመጽሐፉ ታሪክ አካል ነው። የሚያስፈራው የተፋቀ የቤተ መጻሕፍት ማኅተም ነው። ናፖሊ ካለው የጂሮላሚኒ ቤተ መጻሕፍት ብዙ መጻሕፍት መዘረፋቸው የታወቀው በ2012 ነው። ማኅተሙ ከተፋቀና የጣልያን የመውጫ ፈቃድ ካልቀረበ አይግዙ።

ጥያቄ፦ እዚህ ጅማ ክረምት ሲገባ የመጽሐፌ የቆዳ ሽፋን ላይ ነጭ ሻጋታ ይወጣል። ፀሐይ ላይ ላስጣው?

መልስ፦ በፍጹም። ቆዳው ይኮማተራል፣ የሽፋኑ ገበታም ይጣመማል። አፍንጫዎን በማስክ ሸፍነው መጽሐፉን ከሌሎቹ ይለዩ፤ ነፋስ በሚዘዋወርበት ጥላ ውስጥ ይቁም። ሻጋታው ደርቆ ዱቄት ሲሆን ደጅ ላይ፣ በለስላሳ ብሩሽ፣ ከመጽሐፉ ስፌት ወደ ውጭ ይጥረጉት። እርጥብ ጨርቅ ሻጋታውን ወደ ቆዳው ያስገባዋል፤ አልኮልም ቀለሙን ያነሣል።

ከዚያ ምክንያቱን ያስወግዱ፤ አለበለዚያ በሚቀጥለው ክረምት ይመለሳል። የዚያ ዘመን ወረቀት ከተልባ እግር ጨርቅ የተሠራ ጠንካራ ወረቀት ነው፤ የተቀባው የእንስሳ ሙጫ ግን ለሻጋታ ምግብ ነው። የጅማ ዝናብ ረጅም ስለሆነ የእርጥበት መለኪያ ይግዙ፤ ከ60 በመቶ በላይ እንዳይቆይ። መደርደሪያውን ከውጭው ግድግዳ፣ በተለይ ከጭቃ ግድግዳ፣ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ያርቁት፤ መጻሕፍቱንም አያጣብቁ። በተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ ሲሊካ ጄል ያስቀምጡ፤ ብርቱካናማው ወደ አረንጓዴ ሲለወጥ በ120 ዲግሪ ምድጃ ለ2 ሰዓት ያህል ያድርቁት። የተቀደደ ቅጠል ላይ ስኮች አይለጥፉ፤ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ወደ ወረቀቱ ይገባል።

ጥያቄ፦ ገንዘቤ ትንሽ ነው። ከፍትሐ ነገሥት ጋር የሚዛመድ መጽሐፍ የቱ ነው?

መልስ፦ የጁስቲንያን ኢንስቲትዩትስ፣ ማለትም ለሕግ ጀማሪዎች የተዘጋጀው መማሪያ። ለተማሪ በትንንሽ መጠን ደጋግሞ ስለታተመ ከዳይጀስት ይረክሳል። ፍትሐ ነገሥት የመጣው ከኢብን አል-አሳል የ13ኛው ክፍለ ዘመን ዐረብኛ ሥራ ነው፤ የፍትሐ ብሔሩ ክፍል ደግሞ ከጁስቲንያን ሕግ ከተወለደው የቢዛንታይን (የምሥራቅ ሮማ) የሕግ መመሪያ ብዙ ወስዷል። አጠገቡ ለማስቀመጥ ጣልያናዊው ምሁር ኢግናጺዮ ጒዲ ሮም ላይ በ1897 ያሳተመውን የፍትሐ ነገሥት የግዕዝ ጽሑፍ ይፈልጉ። ያ ግን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ወረቀት ነው፤ ቅጠሉ ይሰበራልና ጠርዙን አጥፈው አይግለጡት።