የቤት ዋይፋይ በራስ ኮንትሮለር፦ ጠይቁኝ

ቤቴ ሶስት የዩኒፋይ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ሳጥን) አለ፣ ኮንትሮለሩ፣ ማለትም እነሱን የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር፣ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ በዶከር (ፕሮግራምን ኮንቴይነር በሚባል የራሱ ክፍል ለይቶ የሚያስኬድ) ነው የሚሰራው። የገባኝን ያህል እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ላፕቶፑ ቢጠፋ ዋይፋዩም ይጠፋል እንዴ?

መልስ፦ ኧረ አይጠፋም። ሴቲንጉ አንዴ አክሰስ ፖይንቱ ላይ ከተጫነ በኋላ ዳታው በኮንትሮለሩ በኩል አያልፍም። የምታጣው ስታቲስቲክሱና የእንግዳ መግቢያ ገጹ ነው።

ጥያቄ፦ እኔም በዶከር ጭኜው ነበር፣ ግን አክሰስ ፖይንቱን አዶፕት ስለው (ኮንትሮለሩ እንዲረከበው ሳዝ) እዛው ተገትሮ ይቀራል።

መልስ፦ እኔንም አንድ ሙሉ ቅዳሜ በልቶኛል! ኮንቴይነሩ የራሱን የውስጥ አይፒ፣ 172.17 ብሎ የሚጀምረውን ማለቴ ነው፣ ለአክሰስ ፖይንቱ ይሰጠዋል፣ እሱ ምስኪን ወደዛ ቢጣራ ማን ይሰማዋል። ሴቲንግ ውስጥ ኢንፎርም ሆስት የሚለው ላይ የላፕቶፑን ትክክለኛ አይፒ አስገባ፣ ፖርት 8080 ክፍት መሆኑንም እይ። አይፒውን ደግሞ ራውተሩ ላይ ሪዘርቭ አድርገው (ለላፕቶፑ ብቻ እንዲያዝ)፣ አለዚያ ነገ ይቀየርና ተመልሰህ እዚሁ ነህ።

ጥያቄ፦ ራስበሪ ፓይ 4 ይችለዋል?

መልስ፦ ጉልበቱስ አለው፣ ችግሩ ኮንትሮለሩ የሚጠቀምበት ዳታቤዝ፣ ሞንጎዲቢ ነው፣ ከ4.4.19 ጀምሮ የፓይ 4ን ፕሮሰሰር አይደግፍም ስለዚህ 4.4.18 ላይ መቆየት ነው። አሮጌ ፒሲም ፕሮሰሰሩ ኤቪኤክስ የሚባለው የትእዛዝ ስብስብ ከሌለው 5.0 አይሄድለትም፣ 4.4 ላይ ይቆያል።

ጥያቄ፦ መኝታ ቤት ገብቼም ስልኬ የሳሎኑን አክሰስ ፖይንት አለቅም ይላል፣ ኮንትሮለሩ አያዘውም?

መልስ፦ እህቴ፣ የት ልያዝ ብሎ የሚወስነው ስልኩ ራሱ ነው፣ ኮንትሮለሩ ቢበዛ ይጠቁመዋል። ሰው ሁሉ የማሰራጫ ፓወሩን ሃይ ላይ ይሰቅለዋል፣ ከዛ የሳሎኑ አክሰስ ፖይንት መኝታ ቤት ድረስ ስለሚሰማ ስልኩ ለምን ይልቀቀው? 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ፓወሩን ሎው አድርጊው፣ የቻናሉ ስፋት 20 ሜጋኸርዝ፣ ቻናሉን 1፣ 6ና 11 አከፋፍያቸው። የእኔ በዚህ ብቻ ነው የተስተካከለው።

ጥያቄ፦ ገመድ ሳልስብ በሜሽስ (አክሰስ ፖይንቶቹ እርስ በርስ በአየር ተገናኝተው)?

መልስ፦ ይሰራል፣ ግን ያንኑ አየር ሁለቴ ስለሚጠቀም ፍጥነቱ ይወርዳል። ከቻልክ ገመድ ሳብ፣ በፒኦኢ (በኔትወርክ ገመድ መብራት ማስተላለፍ) ከሆነ መብራቱም በዛው ይሄዳል።

ጥያቄ፦ የኮንትሮለሩ ባካፕ የግድ ነው?

መልስ፦ የባካፑን ፋይል ሌላ ማሽን ላይ አስቀምጠው፣ እዛው ላፕቶፕ ላይ ያለ ባካፕ ከላፕቶፑ ጋር ነው የሚሞተው። እኔ ያንን ሳላደርግ ቀርቼ መሰላል ላይ ወጥቼ በመርፌ ሪሴት ስጫን ነው ያመሸሁት፣ ሶስቱንም አክሰስ ፖይንት።