አንዱ ያደነቀውን ሌላው ለምን ጠላው?

ጠያቂያችን፣ የጊሊያን ፍሊንን «ጎን ገርል» አንዱ ሲያሞግሰው ሌላው ለምን እንደሚያጣጥለው ጠይቀዋል። ንባቡን ስለ ጨረሱ ፍጻሜውን ሳልሸሽግ እጽፋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ይህ ልብ ወለድ ባልና ሚስት ተራ በተራ የሚተርኩት ሲሆን፣ እስከ አጋማሹ ድረስ አምነን የተቀበልነው የሚስትየዋ የዕለት ማስታወሻ ባሏን ለማስወንጀል ሆን ተብሎ የተፈበረከ መሆኑ ሲገለጥ፣ አንባቢው ራሱን ከተታለሉት መካከል ያገኘዋል። ይህን እንደ ጥበብ የሚቆጥር ይደሰታል፤ እንደ ክህደት የሚቆጥር ይቀየማል።

እዚህ ደብረ ብርሃን አንዲቱን ቅጂ አራት ሆነን እየተቀባበልን ስናነብ (በክረምቱ ብርድ፣ ጋቢ ተከናንበን) አንዷ ጓደኛችን እዚያ ምዕራፍ ላይ ስትደርስ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመልሳ፣ የተታለለችባቸውን ዓረፍተ ነገሮች በእርሳስ ታሰምር ጀመር። ሌላው ግን ሴትየዋ ሳትቀጣ መቅረቷን፣ ባልየውም ለሚወለደው ልጅ ሲል አብሯት መኖርን መምረጡን ሲያነብ «ፍርድ የሌለበት ታሪክ ምን ይረባል?» ብሎ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። እውነቱን ለመናገር፣ ከተቺዎቹ የሚበዙት የሚያጣጥሉት አጻጻፉን ሳይሆን ይህንኑ ፍጻሜ ይመስለኛል። እኔ ያሰመረችውን እደግፋለሁ፤ የመጀመሪያው አጋማሽ መንቀርፈፉን ግን አልክድም።