መልስ፦ በአንድ ኤስዲ40-2 ሎኮሞቲቭ 1,100 ቶን ስጎትት፣ ኩርባ ባለው 3 በመቶ ዳገት ላይ ፍጥነቱ ወደ 10 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲወርድ በ8ኛ ኖች (በመጨረሻው የጉልበት ደረጃ) ልቀጥል?

አትቀጥል። ኤስዲ40-2 (ዲዝሉ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭለት ሎኮሞቲቭ) በ62፡15 የጥርስ ምጥጥን ሳያቋርጥ ሙሉ ጉልበት መስጠት የሚችለው ከ18 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ በላይ ነው። ከዚያ ሲወርድ አምፔሩ ከ1,050 ያልፋል፤ የሚቃጠለውም ዲዝሉ ሳይሆን አክስሉ ላይ ያለው ትራክሽን ሞተር፣ ማለትም ጎማውን የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ከአምፔር መለኪያው አጠገብ የተጻፉት የተፈቀዱ ደቂቃዎች ካለፉ ኖቹን አውርድ።

ችግሩ ጭነቱ ነው። 3 በመቶ ዳገት ለእያንዳንዱ ቶን 30 ኪሎ የመሳቢያ ኃይል ይጠይቃል። ባለ 10 ዲግሪ ኩርባው 4፣ መንከባለሉ ራሱ 3 ገደማ ይጨምራሉ፤ ድምሩ 37። ሎኮሞቲቩ በ18 የሚሰጠው የመሳቢያ ኃይል 37,000 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ለ37 ሲካፈል 1,000 ቶን። የራሱን 167 ቀንስ፤ 830 ይቀርሃል፣ ያውም ደረቅ ሐዲድ ላይ። ያልከው 1,100 ቶን በአንድ ሎኮሞቲቭ አይሆንም፤ ለሁለት ከፍለህ አውጣው። አሸዋ የምትለቀው ጎማው መሽከርከር ሳይጀምር ነው፤ እየተሽከረከረ ድንገት ሲይዝ ጥርሱን ይጎዳል።

አንድ ነገር ግን፦ ታች የምትተወውን ግማሽ ለአየር ፍሬን አደራ አትስጥ፤ አየር ያፈሳል። የእጅ ፍሬን እሰርና የሎኮሞቲቩንም የፉርጎውንም አየር ፍሬን ፈትተህ ይንቀሳቀስ እንደሆነ ሞክር። በ2013 ካናዳ ላክ ሜጋንቲክ ላይ 7 የእጅ ፍሬን ታስሮ ነበር፤ ሲሞከር ግን የሎኮሞቲቩ አየር ፍሬን አልተፈታም። አየሩ ሲያልቅ ባቡሩ ቁልቁል ሄደ፤ 47 ሰው ሞተ።