መልስ፦ የተፈጥሮ ዕንቁ በጨረታ ለምን ይወደዳል?

«የእርባታው ዕንቁ ከተፈጥሮው ጋር ያው ከመሰለ፣ በጨረታ ሚሊዮኖች የሚከፈለው ለምንድን ነው?» ላልከው፣ ልዩነቱ ውስጡ ነው። በእርባታ ሰው ዕንቁ የሚሠራውን የውኃ እንስሳ ዛጎል ከፍቶ ባዕድ ነገር ያስገባል፤ እንስሳው የሚያመነጨው አንጸባራቂ ሽፋን የሚደረበው በዚያ ላይ ነው። የተፈጥሮው ራሱ ይጀምራል፣ እንደ ሽንኩርት ድርብርብ ነው። በኤክስሬይ ይለያል። ያለ ላቦራቶሪ ማረጋገጫ እንዳትነካው! ትልቅ ሆኖ ቅርጹም ያማረ ማግኘት ደግሞ እጅግ ብርቅ ነው።

ታሪክ ሲጨመርበትማ ዋጋው ሰማይ ይነካል። ከፓናማ የወጣችው ላ ፔሬግሪና የተባለች ዕንቁ የስፔን ነገሥታት ጌጥ ነበረች። ተዋናዩ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1969 በ37,000 ዶላር ለሚስቱ ለተዋናይት ኤልዛቤት ቴይለር ገዛላት። አንድ ጊዜ ጠፍታ ስትፈለግ ቡችላቸው አፍ ውስጥ ተገኘች፤ ደግነቱ አልተቧጨረችም። በ2011 ኒውዮርክ፣ ክሪስቲስ በተባለው አጫራች ድርጅት ጨረታ ላይ ዕንቁዋ ያለችበት የአንገት ሐብል ከ11 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ።