ሥራዬን ልልቀቅ ወይ ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ ወጣቶች

ልጆቼ፣ ወደ ትወና ሙያ ለመግባት የምታስቡ ወጣቶች በየጊዜው የምታቀርቡልኝ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ የያዝነውን የቢሮ ሥራ ለቅቀን ሙሉ ለሙሉ ወደ ጥበቡ እንግባ ወይስ እንታገሥ የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ ከእኔ የመድረክ ዕድሜ ይልቅ የሕንዳዊው ተዋናይ የአምሪሽ ፑሪ ሕይወት የተሻለ መልስ ይሰጣል ብዬ ስለማምን፣ ስለ እርሱ ሰፋ አድርጌ ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

ስሙን ባታውቁት እንኳ መልኩን የማያውቅ ከመካከላችሁ ጥቂት ይመስለኛል። የእኛ ትውልድ በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች፣ ከእኛ በኋላ የመጣው ደግሞ በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት የሂንዲ ፊልም እያየ፣ ቋንቋውን ሳያውቅ ዘፈኑን በቃሉ እየያዘ አድጓል። አክተሩ እንደማይሞት ሁላችንም አስቀድመን እናውቅ ነበር። ይህን እያወቅን እንኳ ልባችን እንዲመታ ማድረግ የሚችለው ክፉውን ሰው ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይ ብቻ ነበርና፣ የፊልሙ ክብደት በአብዛኛው የሚያርፈው በእርሱ ትከሻ ላይ ነው። አምሪሽ ፑሪ ይህን ሸክም ለብዙ ዓመታት የተሸከመ ሰው ነው።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1932 በፑንጃብ ነው (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ታላላቅ ወንድሞቹ ቻማን ፑሪና ማዳን ፑሪ ከእርሱ ቀድመው ወደ ሂንዲ ፊልም የገቡ ሲሆን፣ በተለይ ማዳን በክፉ ገጸ ባሕርያት የታወቀ ተዋናይ ነበር። እርሱ ግን ወደ ቦምቤይ (የዛሬዋ ሙምባይ) የመጣው መሪ ተዋናይ ለመሆን ነው። በ1954 በ22 ዓመቱ ካሜራ ፊት ቆሞ ተፈተነ፤ ፊቱ ለመሪ ተዋናይነት ሻካራ ነው ተባለና ወደቀ። የወንድሞቹ ስም ከዚህ ፍርድ አላዳነውም።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። በመንግሥት የሠራተኞች መድን ድርጅት ውስጥ ተቀጠረና ወደ 20 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በዚያው ሠራ። ባለቤቱን ያገኘው በዚያው መሥሪያ ቤት ነው፤ በ1957 ተጋቡ፤ ልጆችም ወለዱ። ቀን ፋይል የሚያገላብጠው ይህ ሠራተኛ ግን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከታላቁ የቴአትር ሰው ከኢብራሂም አልቃዚ ጋር ተዋውቆ መድረክን ቀመሰ፤ ከዚያም ከአዘጋጁ ከሳትያዴቭ ዱቤይ ጋር ለረጅም ዓመታት ሠራ። ከሥራ ሰዓት በኋላ ልምምድ፣ ከልምምድ በኋላ ትርዒት፣ በማግሥቱ ደግሞ ተመልሶ ወደ ቢሮ መግባት ነበር ኑሮው።

በእነዚያ ዓመታት ከተጫወታቸው አንዱ የጸሐፌ ተውኔቱ የሞሃን ራኬሽ «አዴ አዱሬ» የተሰኘው ተውኔት ነው። በዚህ ተውኔት አንድ ተዋናይ በአንድ ምሽት ሥራ አጡን ባል፣ የሚስቲቱን የመሥሪያ ቤት አለቃ፣ የቀድሞ ወዳጇንና የባልየውን ጓደኛ ሆኖ በየተራ ይወጣል። ተመልካቹ በቅርብ ርቀት ተቀምጦ ያንኑ ፊት እያየ፣ አሁን የገባው ሌላ ሰው ነው ብሎ እንዲያምን ማድረግ የሚቻለው በአረማመድ፣ በአተነፋፈስና በድምፅ ነው። በኋላ በፊልም የሰማነው ያ ጥልቅ ድምፅ እንዲህ ባለው ምሽት የተገራ እንጂ እንዲሁ ከተፈጥሮ የተገኘ ብቻ አይደለም። ደመወዙ ቤቱን ስለሚያስተዳድርለት፣ ከመድረክ እንጀራ መጠበቅ አላስፈለገውም፤ ከባድ ከባዱን ተውኔት እየመረጠ ለመጫወት ነጻነት ያገኘውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። በ1979 የሕንድ ብሔራዊ የኪነ ጥበባት አካዳሚ የሸለመውም ለቴአትር ሥራው ነው።

በፊልም ጎልቶ የታየው ከ40 ዓመቱ በኋላ ነው። የፊልም አዘጋጁ ሺያም ቤኔጋል በ1975 በ«ኒሻንት»፣ በ1976 በ«ማንታን»፣ በ1977 ደግሞ በ«ቡሚካ» አሠራው። ከእነዚህ ሁሉ እንድታዩልኝ የምለምናችሁ «ቡሚካ»ን ነው። በዚያ ፊልም የሚጫወተው ሀብታም ሰውዬ አይጮኽም፣ አይሳደብም፣ ጨዋ ነው። በቤቱ የምትኖረው ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ግን የሰውዬውን ልጅ ይዛ በአቅራቢያው ወዳለ ባዛር ልትሄድ ስትነሣ፣ ከቤቱ ያለ እርሱ ፈቃድ መውጣት እንደማትችል ይነገራታል። ተዋናዩ ይህን ሰው የሚጫወተው ትክክል ነኝ ብሎ እንደሚያምን የቤት አባወራ ነው፤ የሚያስፈራውም ስለዚህ ነው። ክፉ ሰው ስትጫወቱ ዓይናችሁን አታጉረጥርጡ፤ ያ ሰው ስለ ራሱ የሚያስበውን ፈልጋችሁ አግኙ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዝና የታወቀ ስለሆነ አላረዝመውም። በ1982 በ«ጋንዲ» ፊልም ተሳተፈ፤ በ1984 ስቲቨን ስፒልበርግ ባዘጋጀው የኢንዲያና ጆንስ ፊልም ውስጥ ራሱን ተላጭቶ ተጫወተ፤ መላጣነቱም መለያው ሆኖ ቀረ፤ በ1987 ደግሞ «ሚስተር ኢንዲያ» ላይ ሞጋምቦ የተባለውን ክፉ ሰው ሆኖ ቀረበና ሕፃናት ሳይቀሩ ስሙን ያዙት። ያ ሻካራ ነው የተባለ ፊት ከዕድሜ ጋር አልተለወጠም፤ ተዋናዩ ግን ምን እንደሚያደርግበት አውቆ ነበር።

በ1995 «ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ» ላይ የተጫወተውን አባት ግን በዝምታ ማለፍ አልችልም። ለንደን ውስጥ ሱቅ ከፍቶ የሚኖር፣ ልቡ ግን ፑንጃብ የቀረ አባት ነው። በአገር ልማድና በሴት ልጁ ደስታ መካከል ተይዞ፣ በመጨረሻ ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ወደምትወደው ሰው እንድትሄድ እጇን ይለቃል። በስደት ልጅ የሚያሳድግ ኢትዮጵያዊ ወላጅ ይህን አባት ሳይተረጎምለት የሚረዳው ይመስለኛል። ፊልሙ በሙምባይ ማራታ መንዲር ሲኒማ ቤት ከ20 ዓመታት በላይ ሳይወርድ ታይቷል። አምሪሽ ፑሪ በጃንዋሪ 2005 በ72 ዓመቱ ሲያርፍ ከ400 በላይ ፊልሞች ላይ ተሳትፎ ነበር።

እንደ እርሱ የታገሠ ሁሉ እንደ እርሱ ይታወቃል ብዬ አልዋሻችሁም። ቀን ቢሮ፣ ማታ መድረክ ሲሉ ኖረው ስማቸው ሳይነሣ ያለፉ አሉ፤ እነርሱም ተመልካቻቸውን አስለቅሰውና አስቀው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋልና ያ ድካማቸው በከንቱ አልቀረም። ለጥያቄያችሁ መልሴ እንግዲህ ይህ ነው፦ ገና ልምምድ ሳትጀምሩ የሥራ መልቀቂያ አትጻፉ። በአካባቢያችሁ ማታ ማታ የሚለማመድ ቡድን ፈልጉ፤ ከሌለ ሦስት አራት ሆናችሁ መሥርቱ፤ የምትለማመዱትን ተውኔት ራሳችሁ ምረጡ። ጥሪው በዝቶ ከቢሮ ፈቃድ መጠየቅ የማይቻልበት ደረጃ ላይ ስትደርሱ፣ ያን ጊዜ ስለ መልቀቅ እንነጋገራለን። በሚቀጥለው ስትጽፉልኝ የየትኛውን ተውኔት ልምምድ እንደጀመራችሁና የትኛው ገጸ ባሕርይ እንዳስቸገራችሁ ንገሩኝ።